ሁለት የነሐስ ሳህንና አንዲት ታላቅ እህት

እኔ የተመዘገብኩት መጽሐፍ መጠረዝ ለመማር ነበር። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የመጣው ሁሉ ፈልጌ ያመጣሁት እንዳይመስል ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ጨለማው ወር ሲገባ ሰው ሁሉ አንድ የማታ ጥናት ቡድን ውስጥ ይገባል፤ ስቱዲየሲርከል ይሉታል። አንዱ ሸክላ ይሠራል፣ አንዱ ጣሊያንኛ ይማራል፣ አንዱ የእንጉዳይ ዓይነት ያጠናል። እኔ የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ነው። ገጻቸው እየረገፈ የሚመለሱ መጻሕፍት አንጀቴን ይበሉታል፤ በገዛ እጄ፣ በመርፌና በክር ልጠግናቸው ተመኘሁ። ደወልኩ። መዝጋቢዋ የጥረዛው ክፍል ሞልቷል አለችኝ። ልዘጋ ስል፣

«ፋርስታ ያለው የአማተሮች ኦርኬስትራ ግን አንድ ሰው ይፈልጋል» አለች። «ለሲምባል።»

«ሙዚቃ አልችልም» አልኳት።

«ችግር የለውም። ዋናው ነገር ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጥ መቻል ነው።»

ስልኩን እንደያዝኩ ሳቄ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝምተኛ ነሽ ተብዬ ስወቀስ ኖሬ፣ ዝምታዬ እንደ ሙያ ተቆጥሮ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። ደግሞም ሲምባል የሚለው ስም ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ የቆየ ጉዳይ አለን። እሺ አልኩ።

ሲምባል፣ ቀርበው ላላዩት፣ ሁለት ሰፋፊ የነሐስ ሳህን ነው። መሐሉ እንደ ቆብ ጎበጥ ያለ ነው፤ ጉብታው ላይ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው የቆዳ ማንጠልጠያ ያልፋል። ማንጠልጠያውን ጨብጦ ማጋጨት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። እንዲህ ነበር የመሰለኝ።

ያስተማሩኝ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው። በስዊድንኛ አንተ እላቸዋለሁ፤ አገሩ ነውና ምን ይደረግ። በልቤ ግን አንድም ቀን ከእርስዎ አውርጃቸው አላውቅም። ሲምባሉን ለብዙ ዓመታት የያዙት እሳቸው ነበሩ፤ ትከሻቸው እምቢ ሲላቸው ወደ ትሪያንግል፣ ወደዚያች ባለ ሦስት ማዕዘን ትንሽ ብረት፣ «ተሾምኩ» ይላሉ።

የመጀመሪያው ቀን ሳህኖቹን ፊት ለፊት ገጥሜ ባለ በሌለ ኃይሌ አጋጨኋቸው። የወጣው ድምፅ ውሃ ከገባበት ጫማ የሚወጣው ዓይነት ነበር። አየሩ መሐላቸው ታፍኖ ተጣብቀው ቀሩ፤ ለማላቀቅ ታገልኩ።

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚጀምረው» አሉ ሐኪሙ፣ ሳቃቸውን እየዋጡ። «ፊት ለፊት ከገጠምሻቸው ይተናነቃሉ። አንደኛው ትንሽ ያጋድል፤ አንደኛው ትንሽ ይቅደም። ጫፍ ጫፋቸው ሲነካካ ነው የሚዘምሩት።»

ስለ እህትማማቾች ነው እንዴ የሚያወሩት አልኩ በልቤ።

እህቴን እዚህ ላይ ላምጣት፤ ካልመጣችም ራሷ ትመጣለች። እትዬ ነው የምላት። በዐሥር ዓመት ትበልጠኛለች፤ የምትኖረው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሪንከቢ ነው። እሷ ስልክ ስታወራ በሕንፃው ደረጃ የሚወጣ የሚወርድ ሁሉ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደታመመ አውቆ ይሄዳል። ክፉ ሰው አይደለችም፤ እንዲያውም ቸር ናት። ችግሩ ቸርነቷ ንግግርንም ይጨምራል፤ ለእኔ የቀረበ ጥያቄ ሁሉ ለእሷ የቀረበ ይመስላታል። «ሻይሽ በስኳር ነው?» ሲሉኝ፣ «እሷ ስኳር አትወድም» ትላለች። ሐኪም ዘንድ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» ሲሉኝ፣ «ወገቧን ነው» ትላለች። እኔን ያመመኝ ጉልበቴ ቢሆንም የታየው ወገቤ ነው፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ጤነኛ መሆኑ በሦስት ሐኪሞች ተረጋግጧል።

ፊደል ዘግይቼ የቆጠርኩትም በዚሁ ጠንቅ ነው። ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ወሰደችኝ። መዝጋቢው መምህር እኔን እያየ «ስምሽ ማነው?» አለ። እትዬ መለሰች። «ዕድሜሽስ?» እትዬ መለሰች። «እስኪ እሷ ትናገር» አለ። «ትናገራለች፤ አፋር ሆና ነው እንጂ» ብላ ይህንንም እሷው መለሰች። መምህሩ ልጅቷ አፏን አልፈታችም፣ ለከርሞ ትምጣ ብሎ ሸኘን። በከርሞውም ሄድን፤ በከርሞውም መለሰች። ቀጥሎ ባለው ዓመት እግዜር ይስጠውና ጉንፋን አስተኛት፤ ከጎረቤት ጋር ሄድኩ፤ ስሜን ተናገርኩ፤ ገባሁ። ከታናናሾቼ ጋር አንደኛ ክፍል የተቀመጥኩት እንዲህ ነው። ቀሪውን ደግሞ እዚህ አገር፣ ኮምቩክስ በሚባለው የአዋቂዎች ትምህርት ቤት፣ ከራሴ ልጆች እኩዮች ጋር ጨረስኩት።

ይህንን ሁሉ ይቅር ብያታለሁ። ያልወጣልኝ አንዲት ታሪክ ብቻ ናት።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ፣ በአንድ የበዓል ቀን እትዬ እጄን ይዛ ማርሽ ባንድ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ሰልፈኛው በፊታችን አለፈ። ጥሩምባ የሚነፉት ጉንጫቸው አብጦ፣ ከበሮ የሚመቱት ላባቸው ወርዶ፣ ሁሉም ይደክማል። አንድ ወፍራም ወታደር ብቻ ሁለት ሳህን ይዞ ምንም ሳይሠራ ይራመዳል። ይሄ ሰውዬ ለምን አይሠራም ብዬ ሳየው ቆየሁ። ድንገት ክንፍ እንደሚዘረጋ አሞራ እጆቹን ከፈተ፤ ፀሐይዋ ሳህኖቹ ላይ በራች፤ ከዚያ አጋጫቸው። ድምፁ በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ነው የገባው። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም። እትዬ «ሽንትሽ መጥቷል ወይ? ነይ ከሱቁ ጀርባ ልውሰድሽ» ትለኛለች፤ በርግጥም መጥቷል፤ እኔ አልሄድም ብዬ ራሴን ግራና ቀኝ እነቀንቃለሁ። ብሄድ ሁለተኛዋ ምት ታመልጠኛለች። ሁለተኛዋ መጣች። ቀሚሴም ረጠበ።

አጠገባችን የቆመች ሴት ጎንበስ ብላ «ምን ሆንሽ የኔ ቆንጆ?» አለችኝ። አፌን ስከፍት እትዬ ደረሰች፤

«ሳህኑ አስደንግጧት ነው! ፈሪ ናት!»

ይኸው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ይህች ታሪክ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በማኅበር ትነገራለች። «ይቺ እህቴ የሲምባል ድምፅ ሰምታ ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ?» ስትል፣ ከዚህ በፊት የሰሙት ሳይቀሩ ወንበራቸውን ያስጠጋሉ። እኔ መጽሐፍ ከቦታው ውጭ ተደርድሮ ካየሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ያቺ ታሪክ ሃምሳ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ስትነበብ አያለሁ። ፈርቼ አልነበረም። ይህን አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እሷ ሳታቋርጠኝ መናገር ነበር የምፈልገው። ሌላ ቂም የለኝም።

ሲምባሉን ከያዝኩ በኋላ እንደ ልማዴ ማንበብ ጀመርኩ። እጄ ላይ ያለው ነገር ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መያዝ አይሆንልኝም። ለካ ጥንት በትንሿ እስያ በአንበሶች የሚጎተት ሠረገላ ያላት የአማልክት እናት ስትመለክ፣ ተከታዮቿ ሲምባል እያጋጩ ነበር የሚያብዱላት። በኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ ሌዋውያን የነሐስ ሳህን ነበራቸው። ሕንድ ውስጥ የእጅ መዳፍ የምታክል ጥንድ ለጨፋሪው እግር ጊዜ ትጠብቃለች፤ ቲቤት ላይ መነኮሳት ለጸሎት ያንሿሹታል። የቱርክ ሱልጣኖች ሠራዊት ደግሞ ከፊት ከፊት ሲምባልና ከበሮ እያስጮኸ ይዘምት ነበር፤ ጠላት ገና ሳያየው ጉልበቱ እንዲከዳው። የአውሮፓ ነገሥታት ያንን ሲፈሩ ቆይተው፣ ፍርሃቱ ሲለቃቸው ለራሳቸው ባንድ አስገቡት። ያስፈራህን ነገር ወደ ቤት ማስገባት የነገሥታት ብቻ ልማድ አይመስለኝም።

በኢስታንቡል መዳብና ቆርቆሮ በምን ያህል ተቀላቅሎ፣ እንዴት ተቀጥቅጦ ሳህኑ እንደሚዘምር የሚያውቁት አርመናውያን አንጥረኞች ነበሩ፤ ምስጢሩን ከአባት ለልጅ እየሰጡ ያቆዩት። እኛ አገር ደግሞ ለቤተ መንግሥት ማርሽ እንዲጫወቱ ከኢየሩሳሌም የመጡት ወጣቶች አርመናውያን ወላጅ አልባዎች ናቸው። ይህን ሳነብ የዚያ ወፍራም ወታደር ሳህኖች በዚህ መንገድ ተንከባለው ይሆን የመጡት ብዬ ልቤ ዘለለ። ማስረጃ ግን የለኝም፤ ስለዚህ እንዲያ ነው አልልም። እትዬ ብትሆን ትል ነበር።

የኦርኬስትራው መሪ ከሰሜን ስዊድን የመጣች ረጅም ሴት ናት። የሰሜን ሰዎች አዎ ሲሉ ቃል አያወጡም፤ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። የስቶክሆልም ተወላጆች በዚህ ይስቁባታል። እኔ መሳቅ አልችልም፤ እኛም ቤት አዎ ማለት ትንፋሽ መሳብ ነው። ሁለታችን አንድ ቃል ሳናወጣ፣ እየሳብን ብቻ፣ ሙሉ ልምምድ የጨረስንበት ማታ አለ። ሐኪሙ ሁለታችሁም አስም ያለባችሁ መስሎኝ ነበር አሉን።

ልናቀርበው ላሰብነው ኮንሰርት የተመረጠውን ዜማ የደረሰው በአካባቢው የነበረ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነው አሉ። ዜማው ከሥር ከሥር ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ያብጣል፤ ያብጣል፤ በመጨረሻ ሲምባል ይመታል። አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጫወትም። የሳህኖቹ ድምፅ ብቻ አዳራሹ ውስጥ እየዞረ ይቀጥናል። እኔ ሳህኖቹን ደረቴ ላይ ሳሳርፍ ድምፁ ይቆረጣል፤ እሱን ምልክት አድርጋ አንዲት ፍሉት፣ የፈረንጅ ዋሽንት፣ ብቻዋን ትገባለች።

«አስታውሺ» አለችኝ መሪዋ፣ «የአንቺ ሥራ ምቱ አይደለም። ምቱን ማንም ይመታል። የአንቺ ሥራ ከምቱ በኋላ ያለው ዝምታ ነው።»

ትንፋሼን ሳብኩ።

ከምቷ በፊት ያለውን ረጅም ጊዜ መጽሐፍ እንዳነብበት ተፈቀደልኝ፤ ገጽ የምገልጠው ሙዚቃው ሲጮህ ብቻ ከሆነ። እነዚያ ቆመው የሚጫወቷቸው ትልልቅ ቫዮሊኖች፣ ኮንትራባሶቹ፣ ማጉረምረም ሲጀምሩ መጽሐፉን አጥፌ፣ ሳህኖቹን አንሥቼ እቆማለሁ። ከዚህ የተሻለ ሥራ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ኮንሰርቱ ሲቃረብ እትዬ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ እሑድ ኮንሰርት አለ።»

«ማን ይዘፍናል?»

«እኔ እጫወታለሁ።»

«ምን?»

«ሲምባል።»

ሳቋ ከስልኩ ወጥቶ ማድቤቱን ሞላው። «አንቺ? ሲምባል? በይ ዳይፐር ይዘሽ ሂጂ!» ትንሽ ቆይታ እንባዋን ጠርጋ መሰለኝ፤ «ስንት ጊዜ ነው የምትመቺው?»

«አንድ ጊዜ።»

«ስንት?»

«አንድ።»

«ለአንድ ምት ነው ከሪንከቢ ፋርስታ የምታንከራትቺኝ? እኔ ዕቃ ሳጥብ ስንቴ አጋጫለሁ! ማን ነጠላ ለብሶ መጥቶ ሰማኝ?»

«ካልፈለግሽ ይቅር።»

«ማን ይቅር አለ? እመጣለሁ እንጂ! የማኅበሬን ሴቶች ሁሉ ይዤ ነው የምመጣው። ጸናጽል በይው ለእነሱ እንዲገባቸው።»

«ጸናጽል አይደለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው?»

«የአክስቱ ልጅ።»

ሰዓቱን ስነግራት አንድ ሰዓት አስቀድሜ ነገርኳት። ከልምድ ነው። እትዬ ሠርግ ተጠርታ ለመልሱ የምትደርስ ሰው ናት፤ የእኔ ምት ደግሞ መልስ የላትም።

የእሑዱ ዕለት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በተባለችው ሰዓት ደረሰች።

እኛ ገና ወንበር እየደረደርን ነበር። የአዳራሹ በር ተከፈተና አምስት ሴቶች፣ እትዬ ከፊት ሆና፣ ከቅዳሴ እንደወጡ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አምባሻና ፔርሙስ ይዘው ገቡ። ባዶውን አዳራሽ ገረመም አድርገው አይተው ከፊተኛው ረድፍ መሐል ላይ ተቀመጡ። አንዱ የቫዮሊን ተጫዋች ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ የመዘምራን ቡድን መኖሩ ለምን አልተነገረንም አለኝ።

መሪዋ የአዳራሹን ድምፅ ለማወቅ ሲምባሉን አንዴ ልስማው አለች። ተነሣሁ፤ አጋድዬ መታሁ። ጥሩ ምት ነበረች፤ ጣሪያው ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ያኔ ከፊተኛው ረድፍ አምስት እልልታ በአንድነት ፈነዳ። ኮንትራባስ ተጫዋቹ ቀስቱን ጣለ። እትዬ ብድግ ብላ ነጠላዋን እያስተካከለች፣

«እሰይ! እጅሽ ይባረክ! በሉ እንሂድ፣ ባቡሩ ሳይበዛበት» አለች። የቀሩት አራቱም ተነሡ። አንዷ አምባሻውን ከመሪዋ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ መንገድ ጀመረች።

ሳህኖቹን እንደጨበጥኩ ወረድኩ። «እትዬ! የት ነው? ገና ነው!»

«አንዴ ነው አላልሽም? መታሽ፤ ሰማን።»

«ይሄ ሙከራ ነው።»

«እና ሁለቴ ነዋ የምትመቺው። አንዴ ብለሽ ዋሸሽን።» ወደ ሴቶቹ ዞር አለች። «ደግሞስ ሰው የት አለ? ለምን ባዶ ቤት አስቀመጥሽን?»

«አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው የነገርኩሽ።»

«ለምን ሲባል?»

«እንድትደርሺ ብዬ ነዋ።»

«እኔ? እኔ መቼ አርፍጄ አውቃለሁ?»

አራቱ ሴቶች በአንድ ጊዜ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

መሪዋ መጣች። አምባሻውን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ምን እንደምታደርገው አላወቀችም። «ያሰሙት ድምፅ ምንድነው?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ።

«የደስታ ነው!» አለች እትዬ በስዊድንኛዋ። «አሁን ትንሽ ነው ያደረግነው። በዋናው ሰዓት ከመታች በኋላ በደንብ እናደርገዋለን!»

የመሪዋ ፊት ነጣ። እኔን አየችኝ። ከምቱ በኋላ ያለው ዝምታ። እኔም ያው ታየኝ፤ ያቺ የተሰጠችኝ ብቸኛ ዝምታ በአምስት እልልታ ስትሞላ። እትዬ እዚያም ላይ ልትመልስልኝ ነው።

«እትዬ ስሚኝ። ከመታሁ በኋላ ማንም ድምፅ አያወጣም።»

«ለምን? ጥሩ ብትመቺም?»

«ጥሩ ብመታም። ዝምታው የዜማው አካል ነው።»

«ዝምታ ደግሞ መቼ ዜማ ሆኖ ያውቃል?»

ከሴቶቹ በዕድሜ ትልቋ ጣልቃ ገቡ። «ተዪ እንጂ፣ በማኅሌቱም ጸናጽሉና ከበሮው ቀጥ የሚልበት አለ። ልጅቷ የምትለውን ስሚ።» ሃምሳ አምስት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ ግን ልጅቷ መባሌ ደስ አለኝ።

«እስከ መቼ ነው ዝም የምለው?» አለች እትዬ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደሚጠይቅ ሰው።

እጆቼን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። «ሳህኖቹ እንዲህ ተከፍተው እስካሉ ድረስ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። ደረቴ ላይ ሳሳርፋቸው ያበቃል። እልልታው ግን መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሲያጨበጭብ።»

«በይ በታቦቱ! አፌን ሰፍቼ ነው የምቀመጠው።»

ይህን መሐላ ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ፤ ወገቤን ባየው ሐኪም በር ላይ።

አዳራሹ ሞላ። ዜማው ተጀመረ። መጽሐፌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነበር፤ ያን ቀን ግን አንድም ገጽ አልገለጥኩም። ኮንትራባሶቹ አጉረመረሙ። ተነሣሁ። እትዬ መነሣቴን አይታ የጎረቤቷን ክንድ ጨበጠች፤ አፏ ተከፈተ፤ ነጠላዋን ሰብስባ አፏ ላይ አደረገች። ዜማው አበጠ። መሪዋ እጇን አነሣች። ሳህኖቹን እንደዚያ ወታደር ገለጥኩ፤ አንዱን አጋደልኩ፤ መታሁ።

ኦርኬስትራው በሙሉ ቆመ፤ የሳህኖቹ ድምፅ ብቻ ቀረ። ክንፌን ዘርግቼ ይዣቸው ቆሜያለሁ፤ እየተንቀጠቀጡ ናቸው፤ ንዝረቱ በክንዴ ወደ ትከሻዬ ይወጣል።

በልምምድ ጊዜ የማየው መሪዋን ነበር፤ ራሷን ነቅነቅ ስታደርግ ደረቴ ላይ አሳርፋለሁ። ያን ቀን እትዬን አየኋት።

ነጠላዋን በሁለት እጇ አፏ ላይ ደፍናለች። ጉንጮቿ እንደ ጥሩምባ ነፊ አብጠዋል። ዓይኗ ፈጧል፤ እንባ ሞልቶታል። እልልታው ጉሮሮዋ ድረስ ደርሶ ሲመለስ፣ ደርሶ ሲመለስ ከመድረኩ ይታየኛል። አራቱ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። እኔ እህቴን ይህን ያህል ጊዜ ነቅታ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም።

መሪዋ ራሷን ነቀነቀች። አየሁ። አላሳረፍኩም።

ትንሽ ልጨምርላት አልኩ። ይህ ለመጀመሪያው የትምህርት ቤት ምዝገባ ይሁን። ፍሉት ተጫዋቿ አየር ስባ፣ ከንፈሯን አስተካክላ፣ ምልክቴን እየጠበቀች ነው፤ ፊቷ መቅላት ጀመረ። ለሁለተኛው ምዝገባ ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ። የመሪዋ እጅ አየር ላይ ቀርቷል። የጥርስ ሐኪሙ ትሪያንግላቸውን እንደያዙ ፈገግ ብለው ጫማቸውን ያያሉ፤ የገባቸው ይመስለኛል፤ ሰው አፉን ከፍቶ መናገር እንዳይችል ማድረግ የእሳቸውም ሙያ ነበር። ለወገቤም አንድ ትንፋሽ ጨመርኩ። የነሐሱ ድምፅ ከትንኝ ክንፍ ቀጥኖ፣ አለ የለም እስኪባል ድረስ ሄደ። መላው አዳራሽ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል።

ከዚያ ቀስ ብዬ ደረቴ ላይ አሳረፍኳቸው። ፍሉቷ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው ተንፍሳ ገባች።

ሲያልቅ መሪዋ እጄን ጨብጣ፣ በልምምድ ይህን ያህል ረጅም አልነበረም አለችኝ። ትንፋሼን ሳብኩ። እሷም ሳበች። ፍሉት ተጫዋቿ ግን እስከ ዛሬ ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው።

በጎን ያለው ክፍል ውስጥ ፊካ ለሚሉት የቡና ሰዓት ተሰበሰብን፤ የእነሱ ቡናና ቂጣ፣ የእኛ አምባሻ። ጭብጨባው ላይ ሴቶቹ እልል ሲሉ እትዬ ግን ድምፅ አልወጣትም፤ ገና ከመሐላው አልተላቀቀችም ነበር። አንዲት በምርኩዝ የምትሄድ ሴት ወደ እኔ መጥታ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ፣

«ከሁሉም መሣሪያ ሲምባልን እንዴት መረጥሽ?» አለችኝ።

የእትዬ ድምፅ ያኔ ተመለሰ። «እሷ ትንሽ ልጅ ሆና—»

እጆቼን አነሣሁ። ባዶ ናቸው፤ ግን ሳህን እንደያዝኩ ገልጬ፣ ክንፌን ዘርግቼ አየኋት። እትዬ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ዘጋችው።

እኔም መለስኩ። አሳጥሬ ልመልስ ነበር፤ ግን እጆቼ እስካልወረዱ ድረስ የሚያቋርጠኝ እንደሌለ ሲገባኝ ልሳኔ ተፈታ። ከአንበሶቹ ሠረገላ ጀመርኩ። በሌዋውያን በኩል ወደ ሱልጣኖቹ ሠራዊት ወጣሁ፤ የአርመናውያኑን ምስጢር አነሣሁ፤ ማስረጃ የሌለኝን ማስረጃ የለኝም ብዬ አለፍኩ። አዲስ አበባ ደረስኩ። ወፍራሙ ወታደር፣ ፀሐይዋ፣ ሳህኖቹ። እና ቀሚሴ። «የረጠብኩት ፈርቼ አይደለም» አልኩ። «ሁለተኛዋ ምት እንዳታመልጠኝ ከቦታዬ አልነቃነቅም ብዬ ነው።» ያኔ እጆቼን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ።

ባለ ምርኩዟ ሴት ሳቀች፤ ሐኪሙ ሳቁ፤ እትዬ አልሳቀችም።

«አልሄድም ብለሽ ነው?» አለችኝ በአማርኛ። «ስንቴ ሽንትሽ መጥቷል ወይ ብዬሻለሁ!»

«ራሴን ነቀነቅኩልሽ።»

«አፍ አልነበረሽም? ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሴትዮዋ እኮ ጠየቀችኝ፣ እትዬ። የመለስሽላት አንቺ ነሽ።»

አንድ ነገር ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ዞራ ከኋላዬ ቆመች፤ የኮቴን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ቀሚሴን በደንብ መረመረችና ለሴቶቹ ጮክ ብላ አስታወቀች፤

«ዛሬስ ደረቅ ናት!»

ከዚያ ያን አፍናው የቆየችውን እልልታ ለቀቀችው። ሲኒዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተንጫጩ።

ባለፈው ማኅበር ላይ ታሪኩ ደግሞ ተነሣ። ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁ። መደርደሪያው ተስተካክሏል፤ አሁን «እህቴ የሲምባል ፍቅር ይዟት ነው የረጠበችው» ይባላል። ግን አዲስ ገጽ ገብቶበታል፤ እትዬ ራሷ ሰልፉ መሐል ገብታ ወታደሩን በክንዱ ይዛ «ለዚች ልጅ አንዴ ድገምላት» ብላ አስመታችው ተባለ። እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ላርማት አፌን ከፈትኩ።

እትዬ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ዞር ብላም ሳታየኝ፣ ሁለት እጆቿን አንሥታ ገለጠቻቸው።

ዝም አልኩ። ደረቷ ላይ እስክታሳርፋቸው ጠበቅኩ። አልቸኮለችም።